ፍራሽ የጫነች ሚኒባስ በጣና ዳር

ባለቤቴ የሚኒባሷን የኋላ ወንበሮች እየፈታ ግድግዳ ሥር ሲደረድር እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ወንበሮቹ ሲወጡ ውስጧ ባዶ ጎተራ መሰለ። የጥጥ ፍራሻችንን ከአልጋችን ላይ ገፎ አመጣና ወለሏ ላይ አነጠፈው። ጥግ ጥጉን ደግሞ የከሰል ምድጃ፣ ጀሪካን ውኃ፣ በሶና ድርቆሽ የያዘ ከረጢት አስቀመጠ።

«በቃ፣ ቤታችን ይቺ ናት» አለኝ እጁን እያራገፈ። «አልጋ የምንይዝበት ገንዘብ የለንም። ያለችው ለናፍጣ ናት።»

«መንገድ ዳር ልናድር?»

«በጣና ዳር ለዳር እየሄድን ደስ ያለን ቦታ ላይ እናድራለና! ፈረንጅ እንደዚህ አይደል እንዴ አገር የሚያየው?»

«እኛ ፈረንጅ ነን?»

ነገሩ ስሙ ሽርሽር ይባል እንጂ ሽርሽር አልነበረም። ልጃችን አዋላጅ ነርስ ሆና ተመርቃ ዕጣ ስታወጣ ጣና ዳር ያለ የገጠር ጤና ጣቢያ ደረሳት። ጣቢያው ያለው ከዳር ነው፤ ማዶ ያሉትን እናቶች ለማየት ግን በጀልባ መሻገር አለ። ይህን እንደሰማሁ እምቢ በይ፣ ሌላ ዓመት ሌላ ዕጣ ይደርስሻል አልኳት። እሷ ደግሞ አላኮረፈችም፣ አልጮኸችም። «እማ፣ ያንቺን ምርቃት ሳልይዝ አልሄድም። አትሂጂ ካልሽኝ እቀራለሁ» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ባሰብኝ። ሸክሙን አንስታ እኔ ጫንቃ ላይ አስቀመጠችው። ብትቀርም በኔ፣ ብትሄድና አንድ ነገር ብትሆንም በኔ።

ሰኞ ሥራ ቦታዋ ላይ መገኘት ነበረባት። አባቷ ነው መሐል የገባው። «ሳታዪው እምቢ አትበይ። ይዘናት እንሂድ፤ አገሩንም ሰዉንም እዪው። ከዚያ ወዲያ እምቢ ካልሽ አንድ ቃል ሳልናገር ይዣት እመለሳለሁ» አለ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን ለማየት ብዬ አይደለም፤ አይቼው እምቢ ስል እንዳይወቅሱኝ ብዬ ነው።

ውኃ እፈራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ፣ ትዳር ይዤ የኖርኩት ቢቸና ነው፤ ሁለቱም ደጋ ነው። እኛ አገር ውኃ ማለት ክረምት ሲገባ የሚደፈርስ ወንዝ ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው ዳር ላይ ቁጭ ብሎ እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ያልጠበቀውን ይወስደዋል። ልጅ ሆኜ ሴቶች ከወንዙ ዳር ቆመው የሰው ስም እየጠሩ ሲጮኹ ሰምቻለሁ። ስሙን የሚጠሩት ሰው ግን አልመለሰላቸውም። በዚህ ላይ ደግሞ የአሁኑ ዘመን ፍርሃት አለ። መንገድ ይዘጋል ይከፈታል፤ ስልክ ይጠፋል ይመጣል፤ ልጁ ከደጅ ያልገባ ሰው እራቱ አይዋጥለትም። በዚያ ሰሞን መንገዱ ደህና ነው ይባል ነበር። ደህና ነው ሲባልም እፈራለሁ።

ከቢቸና በጠዋት ወጣን። ጥቅምት ነበር፤ ጤፉ ገና አልታጨደም፤ መንገዱ ዳርና ዳር ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል። ወንበር ስለሌለ እኔ ፍራሹ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ልጄና አባቷ ከፊት ናቸው። መኪናዋ በነጠረች ቁጥር እኔም እነጥራለሁ። ሞጣ ስንደርስ ባለቤቴን በአብሮ አደጌ ሱቅ በር ላይ አስቆምኩት። ከሷ ጋር ቤታችን በአጥር የተጋጠመ ነበር፤ እኛ ለፋሲካ እነሱን ሳንጠራ፣ እነሱ ለዒድ እኛን ሳይጠሩ የዋልንበት ዓመት የለም። አሁን የአባቷን የጨርቅ ሱቅ ይዛ ትነግዳለች። ወጥታ የመኪናዋን በር ከፈተችና እኔን ፍራሽ ላይ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንቺ! ምን ሆነሽ ነው እንደ ሬሳ የሚጭኑሽ?»

«አገር ልናይ ነው።»

«ተኝተሽ?»

ልጄ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጣናውን፣ ዕጣውን፣ የኔን ፍርሃት ሳይቀር። ጓደኛዬ ሳቀችብኝ። «ይቺ እኮ ልጅ ሆነንም ዝናብ ሲመጣ አልጋ ሥር የምትገባ ነበረች» አለቻት። ከዚያ መስኮቱን አየችና ፊቷ ኮስተር አለ። «ማታ እንዴት ልትተኙ ነው? በመስታወት ውስጥ? እንደ ሱቅ ዕቃ ሰው እያያችሁ?» ብላ ገብታ አበባ ያለበት አረንጓዴ ጨርቅ አወጣች። በክንዷ እየለካች ቆረጠችው፣ ልጄም በመርፌ ሸለል ሸለል አድርጋ በየመስኮቱ አንጠለጠለችው። ልከፍል ቦርሳዬን ስፈታ እጄን መታችኝ። «ስትመለሺ ወሬ ታመጪልኛለሽ፤ ውኃ ዳር ደርሼ አልጮኽኩም ብትዪኝ አላምንም» አለች።

መጋረጃው ደግ ሥራ ነበር፤ ግን ጉድ ያመጣብን እሱ ነው።

ፍራሽ ያነጠፈች፣ መስኮቷን የጋረደች ሚኒባስ እኛ አገር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያላት። ከሞጣ ወጥተን ወደ አዴት ስንወርድ መንገደኛው ሁሉ እያየን ባርኔጣውን ያነሳ ጀመር። ሴቶች ከመንገድ ዳር ሆነው «እግዜር ይማር!» ይላሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ አልገባውም፤ በኋላ ግን መሪውን ይዞ በሳቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አንድ መታጠፊያ ላይ ቆም ስንል ዶሮ ያንጠለጠሉ ሴትዮ መጡና በሩን ሳብ አድርገው ከፈቱት። የሚኒባስ በር ሲያይ መክፈት የሁሉ ሰው ልማድ ነው።

«ባሕር ዳር ነው ልጄ?» አሉ። ከዚያ እኔን አዩ። «ውይ በሞትኩት! በሽተኛ ነው እንዴ የያዛችሁት?»

«ደህና ነኝ እማማ» አልኳቸው።

«አዎ እናቴ፤ ደህና ትሆኛለሽ።»

«ኧረ አልታመምኩም።»

«እንደሱ ማለት ነው ደጉ፤ ለበሽታ ፊት አይሰጡትም» ብለው ገቡና እግርጌዬ ተቀመጡ። ከዚያ እስከሚወርዱ ድረስ አንድ እጃቸው ዶሮዋን ይዞ በሌላው እግሬን ሲያሹኝ ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሰው እግሬን የነካኝ።

ከዚያ ወዲያ ኬላ ላይ አስቆሙን። መሣሪያ የያዘው ወጣት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየኝ።

«ምኗን ነው ያመማት?» አለ ባለቤቴን።

ባለቤቴ ደግሞ በማይቀለድበት ቦታ ካልቀለደ አይሆንለትም። «ፍርሃት ነው» አለው።

ወጣቱ መጋረጃውን ቀስ አድርጎ መለሰው። «እሱማ ሁላችንንም ይዞናል፤ ሂዱ» አለ።

ጣናን መጀመሪያ ያየሁት በመጋረጃው ቀዳዳ ነው። ሰማዩ ወደ ታች የወረደ መሰለኝ። ልጄ «እማ ውረጂ፣ እዪው እንጂ» እያለች ጎተተችኝ። ወረድኩ፤ ጀርባዬን ለውኃው ሰጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷና አባቷ ዳር ዳሩን ሲዞሩ ዋሉ። ትልልቆቹን ነጫጭ ወፎች፣ ከደንገል የተሠራች ታንኳ ላይ እንጨት ጭኖ የሚቀዝፈውን ሰው፣ ዓሣ የሚበልቱትን ሴቶች በስልኳ እያነሳች እየመጣች ታሳየኛለች። እኔ ጣናን ያየሁት በስልክ ነው፤ ራሱ ጣና ከጀርባዬ ሲተነፍስ እየሰማሁት። ምድጃ አቀጣጥለን ድርቆሻችንን በሽሮ ፈትፍተን በላን። ሲመሽ አንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አቆምናት። ዘበኛው ለጸበል የመጣን መስሏቸው በማለዳ ጸበል በኮዳ ይዘውልኝ መጡ። ምን እላለሁ፣ ተቀብዬ ጠጣሁ። ለፍርሃትም ይሆን ይሆናል አልኩ በሆዴ።

በማግስቱ ልጄ የተመደበችበት መንደር ሄድን። መንገዱ ጥሩ አይደለም፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። የደረስነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ጤና ጣቢያው ተዘግቷል፤ በቆርቆሮ የተሠራ፣ ግቢው ሣር የዋጠው ነው። ከሱ ወረድ ብሎ ውኃው፣ ከውኃው ማዶ ደግሞ የሌላ መንደር ዛፎች ይታያሉ። ልጄ ማዶውን አየች፤ እኔ እሷን አየሁ። ሆዴ ውስጥ እምቢታዬ ተሰናድቶ ተቀምጧል። ነገ ጠዋት እነግራታለሁ፣ ፍራሻችን ላይ ቁጭ ብለን፣ ብዬ ወስኛለሁ።

ባለቤቴ ዋርካ ሥር አቁሞ እኔ ምድጃውን ሳወርድ፣ ካጠገባችን ካለው ቤት አንዲት ሴትዮ ብቅ አሉ። ረዥም ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ አረማመዳቸው ለጠብ የሚመጣ ሰው አረማመድ ነው።

«ቤት የላችሁም?» አሉ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«አለን፣ ይኸው» አልኳቸው ወደ ሚኒባሷ እያሳየሁ። እንደዚህ ማለት አልነበረብኝም።

«ይኼ ብረት ነው ቤት? የኔ ቤት እዚህ ቆሞ፣ ጭሱ እየታየሽ፣ ከነሕመምሽ ብረት ውስጥ ልታድሪ? ነገ ሰዉ በሷ ደጅ በሽተኛ ሜዳ አደረ ይበለኝ? ምን በድዬሻለሁ?»

«አልታመምኩም እማማ፤ አገር ልናይ መጥተን ነው።»

«አገር የሚታየው በመጋረጃ ነው?»

ባለቤቴ ሳቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ። ሴትዮዋ ምድጃውን ከነከሰሉ ከእጄ ተቀብለው ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ምን ይደረጋል፤ ምድጃውን ተከትለን ገባን።

ለነሱ የዓሣ ወጥ ቀረበ፤ ለኔ አጥሚት። አልታመምኩም ብዬ ብምል አልሰሙኝም፤ ጠጣሁት። ቤቱ ውስጥ እሳቸውና የልጅ ልጃቸው ብቻ ናቸው፤ እሷም በጊዜ ተኝታለች። ወጉ ሲሞቅ ባለቤቴ የመጣንበትን ጉዳይ ተናገረ። ሴትዮዋ ጭልፋቸውን አስቀመጡ።

«አዋላጇ ይቺ ናት?» ብለው ልጄን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ያለፈችውም እንዲህ ለጋ ነበረች።»

«ያለፈችዋ ለምን ሄደች?» አልኩ ቶሎ ብዬ። መልሱ እንዲረዳኝ ነበር የፈለግሁት። ውኃው አስፈራት፣ ጀልባው ተገለበጠ እንዲሉልኝ።

«ማን ብሏት ትቀመጥ? አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ከመኪና ወረደች። እናት አላየን፣ አባት አላየን፣ አደራ ያለን ሰው የለ። ቤት ተከራየች፣ በሯን ዘጋች። እኛም የመንግሥት ሰው ናት ብለን ዝም አልን። ታማ ሳታበስል ስትሰነብት የሰማነው ከሌላ መንደር ሰው ነው። ከዚያ ሄደች።»

«ቤቷ ሄደው አይጠይቋትም ነበር?» አለች ልጄ።

«በምን አፌ ልጄ? የሰው ልጅ ነሽ፣ ምኔ ነሽ? አደራ የተባለ ሰው ቢሆን ማለዳ በሯን አንኳኳለሁ፤ ሲመሽባት እቆጣለሁ፤ ምን አገባሽ ብትለኝ እናትሽ ሰጥታኛለች እላታለሁ። ያለ አደራ ብቆጣት ጠበኛ ነው የምባለው።»

እሳቱን ቆሰቆስኩ። ልጄ ያደገችው ጎረቤቱ ሁሉ ሲቆጣልኝ ነው። ልጄ ከቤት ርቃ ስትማር ግን ለማን አደራ እንዳልኩ ባስብ ማንም ትዝ አልል አለኝ። ለስልኩ ነበር አደራ ያልኩት። ከዚያ ሳላስበው አፌ ተናገረ።

«እኔ አደራ ብልዎትስ?»

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ልጄም አየችኝ። ሴትዮዋ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልቀበልም።»

«እንዴት?»

«አደራ እንደ ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል የሚያደርጉት ነገር ነው? ውኃ አለ፤ ነፋስ አለ። አንድ ነገር ብትሆን አንቺ ማንን ትይዣለሽ? እኔን። እኔስ በምን ዓይኔ አይሻለሁ? አርጅቻለሁ ልጄ፤ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«ከእርስዎ ሌላ የማውቀው ሰው የለኝም።»

«እኔንስ መቼ አወቅሽኝ? አጥሚት ስለሰጠሁሽ?»

ለመንኳቸው። እዚያ ጉልቻ ዳር ቁጭ ብዬ፣ እምቢ ልል የመጣሁት ሴትዮ፣ ልጄን ተቀበሉኝ ብዬ ለመንኩ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። ዛሬ ሳስበው፣ እሺ ብለው ቶሎ ቢቀበሉኝ ኖሮ አልሰጣቸውም ነበር። የፈሩት ፍርሃት የኔው ስለነበር ነው ያመንኳቸው። እንደኔ የምትፈራ ሴት ያን ያህል መንገድ ሄጄ አገኘሁ፤ እሳቸው ደግሞ በመፍራታቸው ልጄን አልቀበልም አሉኝ። ተናደድኩ። «ይንጋና እናያለን» ብለው መደብ ላይ አነጠፉልን።

ሲነጋ ሴትዮዋ ልጄን ይዘው ወደ ውኃው ወረዱ። እኔም ተከተልኩ፤ እስከ ሣሩ ድረስ፤ ከዚያ ወዲያ እግሬ እምቢ አለ። ጀልባዎቹ ዳር ላይ ታስረዋል። ሴትዮዋ ቆመው ጠየቋት፤ እኔም እንድሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው።

«ነፋስ ሲነሳ አትሻገሪ ስልሽ ትሰሚኛለሽ?»

በልቤ በይ እሺ በይ፣ እሺ በይ እላለሁ። አንድ እሺ ብትል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር።

«ተራ ቀን ከሆነ እሰማለሁ» አለች። «ምጥ የያዛት ሴት ማዶ ካለች ግን እሻገራለሁ። ለእርስዎም ለእማም እሺ ብዬ አልዋሽም።»

«ማዕበሉ ጀልባ ሲገለብጥ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያቺ ሴት ምን ትሁን?» አለቻቸው ልጄ። ድፍረት አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቀቻቸው።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞሩ። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አልኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሟል፤ ቃሉን ጠብቆ አንድ ነገር አልተናገረም። በዚያች ደቂቃ እምቢ ብል እንደሚያበቃ አውቃለሁ፤ ልጄ ሻንጣዋን መልሳ ትጭናለች፣ ቢቸና እንገባለን፣ እኔም እተኛለሁ። ማዶ ያለችው ሴት ደግሞ ማንነቷን አላውቃትም። ግን ልጄን ስወልድ አጠገቤ የነበሩትን ሴቶች እጅ አስታወስኩ። ክረምት ነበር፤ ከእነሱ አንዷ የደፈረሰ ወንዝ ተሻግራ ነው የደረሰችልኝ። ልብሷ እስከ ወገቧ ርሶ ነበር። አትሻገሪ የሚላት እናት አልነበራትም ይሆን? ወይስ ነበራት?

«ትሻገር» አልኩ። «ግን ብቻዋን አትሁን።»

ሴትዮዋ ወደ ጀልባዎቹ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ስሚ ልጄ። ያኛው ባለ ጀልባ ይጠጣል። ይኼኛው ደግሞ ገንዘብ ከተከፈለው ነፋሱ አይታየውም። ጫፍ ላይ ያለው አይጠጣም፣ አይቸኩልም፣ ውኃውን ያውቀዋል። በነፋስ ቀን የምትሻገሪ ከሆነ ከሱ ጋር ብቻ ነው። ከመሻገርሽ በፊት ለኔ ሳትነግሪ እግርሽን ጀልባ ላይ አታሳርፊም። ይህን እሺ ትያለሽ?»

«እሺ» አለች ልጄ።

«እንግዲያው አደራሽን ተቀብያለሁ» አሉኝ። ሲሉኝ ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ ከባድ ዕቃ የተቀበለ ሰው ፊት ነበር የሚታይባቸው። እኔም ያንን ፊት ነበር የፈለግሁት።

ልጄ ሣሩ ላይ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። መመረቅ አውቃለሁ፤ ለስንት ሰው ልጅ መርቄያለሁ። ያን ቀን ግን ቃሉ አልመጣልኝ አለ። እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽ ይከተል፣ የያዝሽውን ይባርክልሽ አልኩና ቆምኩ። ከዚያ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው፣ ውኃው ዘመድ ይሁንሽ አልኳት። ሴትዮዋ «አሜን» አሉ ጮክ ብለው።

አሁን እሷ እዚያ ናት፤ እኛ ቢቸና። ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። እዚህ ደጋው ላይ ዛፍ ሲወዛወዝ ባየሁ ቁጥር ስልኬን አነሳለሁ። የምደውለው ለልጄ አይደለም፤ እሷ እንዳልጨነቅ ብላ ትደብቀኛለች። ለሴትዮዋ ነው የምደውለው። ሳንሞጋገስ፣ ሰላምታም ሳናበዛ ነው የምንነጋገረው።

«ነፋስ አለ?»

«አለ።»

«ተሻግራለች?»

«አሁን ነው የሄደችው። ምጥ ነው። ከሱ ጋር ናት።»

«እርስዎ የት ነዎት?»

«የት እሆናለሁ? ዳሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ዝጊው አሁን፤ ስትመለስ እነግርሻለሁ።»

ስልኩን እዘጋለሁ። ከዚያ እሳቸው ውኃው ዳር፣ እኔ በሬ ላይ፣ ሁለታችንም ቁጭ ብለን እንጠብቃታለን።